የቢያዝን ዕድሜ በማን መለኪያ?

በየሰፈሩ አንድ የቁጥር ባሕታዊ አይጠፋም። «ወደ» እና «ገደማ» ከሚሉ ቃላት በቀር ጸሎት የለውም። ባሕር ዳር ላይ ለእኛ ሰፈር የደረሱን ክቡር መምህር መርስዔ ኀዘን ነበሩ፤ የፊዚክስ አስተማሪ፣ የሰው ሁሉ ራስ ምታት።

ተማሪ ጠረጴዛ በማስመሪያ ለክቶ ከነጥብ በኋላ አሃዝ ከደረደረ፣ ትርፉን በቀይ ይሰርዙታል። «ጉልህ አሃዝ ማለት መለኪያህ ያየው ነው። የቀረውን የወለድኸው አንተ ነህ!» ጣና ዳር ዓሣ ሻጩ «ሁለት ኪሎ ከሩብ» ሲላቸው፣ በድንጋይ የሚመዝንበትን ሚዛን አየት አድርገው «ሩቡን በምን አየኸው?» ይላሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይግዙኝ እንጂ አይፈትኑኝ!»

ለቅሶ ቤት እንኳ የሟች ዕድሜ ላይ «ገደማ» ሳያስገቡ አይነሡም።

ብሔራዊ ውትድርና እስኪመጣ ድረስ እንስቅባቸው ነበር።

ሕጉ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ይላል። የልደት ወረቀት ያለው ግን ማን ነው? የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ አንዳርጋቸው ብልሃት አገኙ፤ ልጁን በር መቃን ላይ አቁመው በሜትር ይለኩታል። የጎረቤታችንን የአደይን አንድ ልጅ ቢያዝንን ለኩና «ዐሥራ ስምንት ዓመት ከሁለት ወር! ጻፍ!» አሉኝ። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርሁ።

የኮሚቴው አባል መምህር ተነሡ። «ሁለት ወሩን መቃኑ ነገረዎት?»

«ጓድ መምህር፣ አብዮቱን በነጥብ አያዘግዩት!»

«ቁመት ወር አያውቅም። ዓመቱንም በቅጡ አያውቅ። ከዐሥራ ስድስት እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ይባል።»

አደይ መምህር እግር ላይ ወደቀች። «ጋሼ፣ ዐሥራ ስድስት ነው ይበሉልኝ! አንዲት ቃል!»

«አላውቅማ፣ እኅቴ። ለእሳቸው የከለከልሁትን ላንቺ ከየት አመጣለሁ?»

እንዴት እንደ ተናደድሁ! አንድ ውሸት ልጅ በሚያድንበት አገር እንዲህ ያለ ጭንቅላት ምን ይባላል? ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁ። እሳቸው «አልፈርምም» ብለው ቁጭ አሉ። ኮሚቴው በሙሉ ካልፈረመ ደግሞ ስም አያልፍም። ቢያዝን ለዚያ ዙር ቀረ። መምህር በማግሥቱ «የእናት አገር ጥሪ አደናቃፊ» ተብለው ታሰሩ።

አደይ እስካሁን አልማረቻቸውም። «ዐሥራ ስድስት ማለት ምን ይከብዳል? ድርቅና ነው እንጂ!» እያለች ትራገማለች። እኔም አግዛታለሁ። የምንራገመው ታዲያ እስር ቤቱ በር ላይ ነው፤ ስንቃቸውን ይዘን፣ ወረፋ ስንጠብቅ።