ወይዘሮ ሜርል እና ባለ አሥራ አራት እግሮቹ

ሌላውን ሁሉ የምታርም ሴት የሌለችበት ሰፈር የለም። በእኛ የታዝማኒያ ሰፈር ይህን ከባድ ኃላፊነት ማንም ሳይሾማቸው የተሸከሙት ክብርት ወይዘሮ ሜርል ፑልፎርድ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ዘጠኝ ነው፤ ግዛታቸው ከድንጋይ ሥር ያለው ዓለም በሙሉ።

ድንጋይ ስታነሡ የምትራወጠውን ግራጫ ፍጥረት ታውቋታላችሁ። እኛ ስሌተር እንላታለን። ከሜልበርን የመጣው ፖስተኛችን «ሥጋ ሻጩ ልጅ» ይላታል፤ እንግሊዛዊቷ ዳቦ ጋጋሪ ደግሞ «አሳማዬ»። ወይዘሮ ሜርል በዚህ ግድ የላቸውም። ትል ብሎ የጠራት ግን አለቀለት።

«ትል? ትል መቼ ነው አሥራ አራት እግር ያበቀለው? የሸርጣን ዘመድ ናት!»

ቄሱን በስብከታቸው መሃል ያስቆሙት በዚሁ ጉዳይ ነው።

ስሌተርን የሚበሉ እንስሳትንም ከነአመላቸው ያውቋቸዋል፦ ዶሮዎቻቸውን፣ ቀይዋን ሸረሪት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሻለቃን። ሻለቃ በእኔ የእንጨት ክምር ሥር የሚኖር፣ ምላሰ ሰማያዊ ወፍራም እንሽላሊት ነው።

እኔ ደግሞ እንጆሪ አለኝ። በከተማችን የእርሻ ትርዒት ሦስት ዓመት ሁለተኛ ወጥቻለሁ፤ ዘንድሮ አንደኛ ለመሆን ቆርጬ ነበር። አራት ቀን ሲቀር ስሌተሮቹ እንጆሪዬን ከሥር ይቦረቡሩት ጀመር።

«የብርቱካን ልጣጭ ድፋላቸው። ሥሩ ሲሰበሰቡ ለዶሮዎቼ ታመጣለህ» አሉኝ ጎረቤቴ ወይዘሮ ሜርል።

ለልጣጭ ጊዜ አልነበረኝም። ገበያ ሲሄዱ ጠብቄ ከሱቅ የገዛሁትን የተባይ መርዝ ፍሬ እንጆሪው ሥር በተንኩ። ሲመለሱ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ያ ሰማያዊ ነገር ምንድን ነው?»

«ማዳበሪያ ነው፣ ወይዘሮ ሜርል።»

«እኔን ነው የምትዋሸኝ? ሻለቃ ቢቀምሰው ይሞታል እኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

በሩንም አላንኳኩ። ገብተው በዚያ በሽተኛ ጉልበታቸው ተንበረከኩና በሻይ ማንኪያ አንድ በአንድ ይለቅሙት ጀመር።

«ይተዉት፣ እኔ እለቅመዋለሁ።»

«አንተማ ታስተርፋለህ።»

አፈርኩ። እኔም ማንኪያ አመጣሁ። እሳቸው ያስተረፍኩትን ከኋላዬ እየለቀሙ፣ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ አፈር ላይ ዋልን።

የመጨረሻውን ፍሬ እንዳነሣን ሻለቃ ከእንጨቱ ሥር ብቅ አለ። ሁለት ስሌተር ቀጨም ቀጨም አደረገና፣ ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ ለትርዒቱ ያሰብኳትን ትልቋን እንጆሪ ዋጣት።

ወይዘሮ ሜርል ፊታቸው ቀላ። «እንጆሪም ይወዳል» አሉ ቀስ ብለው። «ይህን ሳልነግርህ ቀረሁ።»

ልቆጣ ነበር። ቀሚሳቸው በጭቃ ተለውሷል፤ ለመነሣት ክንዴን እየፈለጉ ነው። እኚህን ሴትዮ ምን ያህል እንደምወዳቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ከቀሩት ትልቋን ቀጠፍኩና ለሻለቃ ዘረጋሁለት።

«ግማሹን ብቻ! ሆዱን ይነፋዋል!»

ለሁለት ከፈልኳት። ሌላውን ግማሽ አጥቤ ሰጠኋቸው፣ እሳቸው በሉት።