የአያ ውበቱ አዲስ መለኪያ

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የአያ ውበቱ ሚኒባስ ከጎንደር ተነስቶ አምባ ጊዮርጊስ እስኪገባ የትም አልቆመም።

ዜናው ይኸው ነው። «ይኼ ደግሞ ምን ዜና ነው?» ትሉ ይሆናል። መንገዱን ካላወቃችሁት እውነታችሁን ነው። በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሰው ግን ወሬውን በማግስቱ ሰምቷል። ያውም እኔ ባልኩት ቃል አይደለም። «አያ ውበቱ ካደ» ተብሎ ነው የሰማው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎንደር ወደ ወገራ ሲወጣ፣ ዳገቱ ሊያልቅ ሲል፣ ከመንገዱ ዳር አንዲት ኪዳነ ምሕረት አለች። አያ ውበቱ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ሳይቆም አልፎ አያውቅም። መኪናዋን ጥግ ያስይዛል፤ ይወርዳል፤ ባርኔጣውን አውልቆ ያማትባል። ከዚያ መዳፉን የመኪናዋ ግንባር ላይ ጭኖ፣ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኗ መልሶ ይቆማል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ተሳፋሪውም ወርዶ ይሳለማል፤ ጥላ ዘቅዝቀው ለሕንፃ ማሠሪያ ለሚለምኑት ሰዎች የአቅሙን ይጥላል። ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። የሚያጉረመርም የለም።

በዚህ የተነሳ መናኸሪያው ውስጥ ስም ነበረው። ሌላው መኪና ተራው ደርሶ፣ በሩን ከፍቶ እየጠራ፣ እናቶች «የኛን እንጠብቃለን» ብለው ቁጭ ይላሉ። ወንበሯ የተቀደደ አሮጊት መኪና ሌላ ምን ይዛ ከአዳዲሶቹ ጋር ትፎካከራለች? የሰውየው መተዳደሪያ ያቺ ማቆሚያ ነበረች።

ዳሽቦርዷማ ከሞተ ቆይቷል። የፍጥነቱ ቀስት ዜሮ ላይ ተኝቷል፤ ቁልቁለት ላይ እንኳ አይነሳም። ነዳጁን በእንጨት ነው የሚለካው፤ ታንከሩ ውስጥ ይሰደዋል፣ አውጥቶ ያየዋል፣ ከወንበሩ ሥር ይመልሰዋል። ፍጥነቱን በጆሮው ያውቃል። መስኮቱ መንጫጫት ሲጀምር ስልሳ ነው፤ በሩም ከተጨመረ ሰማንያ። ከጎኑ ተቀምጬ በስልኬ አመሳክሬዋለሁ፤ ብዙ አይሳሳትም።

ያን ሰሞን ግን ዓመታዊ ምርመራ ላይ መርማሪው «አባት፣ ይኼ ሁሉ ሞቶ እንዴት ይነዳሉ?» አለው።

«እኔ አልሞትኩ» አለ አያ ውበቱ።

መልሱ ሸጋ ነው። ምርመራውን ግን አላለፈም።

መኪናዋ ሁለት ቀን ጋራዥ ዋለች። ኤሌክትሪሻኑ ተገልብጣ ከቀረች ሌላ ሚኒባስ ሙሉውን ዳሽቦርድ አውጥቶ ገጠመላት። ሽቦው አልደርስ ሲለው ቀጠለ፤ ቀለሙ አልመሳሰል ሲለው ገመተ። ስትወጣ ሙሽራ መስላለች። ሰማያዊ መብራት በራ። የፍጥነቱ ቀስት ከእንቅልፉ ነቃ። እንጨቱ ጡረታ ወጣ። አያ ውበቱን የማረከው ግን የሙቀት መለኪያው ነው። ዳገቱ ላይ ሞተሩ እያጓራ እንኳ ቀስቷ መሀል ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ወደ ቀዩ መስመር ዘወር ብላ አታይም። አንድ ቀን ተመለከታት። ሁለተኛም ቀን ተመለከታት። በሦስተኛው ቀን ኪዳነ ምሕረትን አልፎ ነዳ። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድራለች ይሉ የለ?

እኔም መኪናዋ ውስጥ ነበርኩ። መጀመሪያ የጮኸችው እትዬ አበሩ ናት። ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ ዘወትር ከሾፌሩ ጀርባ ትቀመጣለች።

«ምነው! ምነው አያ ውበቱ! ዘለልካት እኮ!»

«ዛሬ ቸኩለናል እትዬ።»

«ማነው የቸኮለው? ሽንኩርቱ?»

«ያተረፍከውን ሰዓትስ ምን ልታደርግበት ነው?» አለ ከኋላ አንድ ገበሬ።

አያ ውበቱ በጣቱ አዲሱን ዳሽቦርድ አሳየ። እትዬ አበሩ አየችው፤ ከዚያ ያቺን ከተማውን የዞረች ቃል ተናገረች። «ማኪናዋ ዕውር ሳለች ትሳለም ነበር። ዓይኗ ሲበራላት ካደች!»

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቶቹ ተነስተው ፊት የተሰለፈው መኪና ውስጥ ገቡ። አያ ውበቱ እስከ ረፋድ ጠብቆ እኔን፣ አንድ መንገደኛና ሁለት ጆንያ ጨው ይዞ ወጣ። ተከታዩም ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ። አምባ ጊዮርጊስ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንተ ጋዜጠኛ ነህ። ምስጢር ትይዛለህ?»

«እንደ ምስጢሩ ነው» አልኩት።

«እኔ መቼ ተሳልሜ አውቃለሁ! የምቆመው ሞተሩ እንዳይበስል ነው።»

መዳፉን የሚጭነው ሙቀቱን ለመለካት ነው። ከንፈሩ የሚንቀሳቀሰው እስከ አምስት መቶ እየቆጠረ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሞተሩ ጨሶበት ሲቆም ተሳፋሪው ቤተ ክርስቲያኗን አይቶ ወረደ። «ደግ ሰው!» ብለው መረቁት። ታዲያ ምርቃት ተቀብሎ «የለም፣ ውሃ ፈልቶብኝ ነው» የሚል ማን አለ? አሁን ደግሞ መለኪያው ሞተሩ አይሞቅም እያለው ነው። ምን ብሎ ይቁም?

ሐቁ ቀላል ነው አልኩት። ብትቆም ሰው አለህ፤ ባትቆም ቀስት አለህ።

ቆመ። ሰዎቹም አንድ በአንድ ተመለሱ። እትዬ አበሩ መጨረሻ መጣች፤ «ይቅር ብላሃለች» አለችው በኪዳነ ምሕረት ስም። ችግሩ ሌላ ሆነ። ሞተሩ ደህና ከሆነ ምን ይቁጠር? ከንፈሩ ዝም ካለ ደግሞ ሰው ያያል። ቢጨንቀው አባታችን ሆይን ጀመረ። መሀሉ ጠፍቶበት ከልጁ መጽሐፍ አጠናው። በጾም ሁለት ሌላ ጸሎት ጨመረ።

ሰኔ ላይ ሰማያዊው መብራት ጠፋ። የፊተኛው ኤሌክትሪሻን አገር ለቆ ስለነበር ሌላ ሰው ዳሽቦርዱን ፈታው። ቆይቶ አያ ውበቱን ጠራው።

«ጋሼ፣ ይቺ የሙቀት መለኪያ ከሞተሩ ጋር ተገናኝታ አታውቅም። ሽቦዋ የታሰረው ከመብራቱ ጋር ነው። ቁልፍ ባዞሩ ቁጥር መሀል ላይ ትቆማለች። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ መሀል ስትቆም አልገረመዎትም?»

«ሰላም ያለችኝ መስሎኝ» አለ አያ ውበቱ።

ሽቦው ቦታው ገባ። በማግስቱ ዳገቱን ስንወጣ ቀስቷ ቀስ እያለች ተነሳች። ኪዳነ ምሕረት ልንደርስ አንድ ጠመዝማዛ ሲቀረን ቀዩን ነካች። እንግዲህ አስቡት፤ ያን ሁሉ ወር ባይቆም ኖሮ ሞተሩ ዛሬ የለም።

አያ ውበቱ አቆመና በሩን ከመክፈቱ በፊት ወደ እኛ ዞረ። ሁሉን ተናዘዘ። ቆጠራውን፣ ቀስቷን፣ ሽቦውን፣ አንዱንም አልደበቀም። «እኔ የብረት ነገር አምኜ ነበር። በእናንተ ሃይማኖት ተረፍኩ። ተአምር ነው» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ከዚያ እትዬ አበሩ በነጠላዋ አፏን ሸፍና መሳቅ ጀመረች።

«አንተ ካልደበቅህ እኔም ልናገር። መናኸሪያ አንድ ሰዓት ተቀምጠን፣ ሻይ ጠጥተን ነው የምንነሳው። ወንዱ የትም ይወርዳል። ሴት ልጅ ሰው በሞላበት ማኪና ‹ሽንቴን ይዞኛልና አቁምልኝ› ትላለች? ከቤተ ክርስቲያኗ ጓሮ ደግሞ ንጹሕ ሽንት ቤት አለ። ያን ቀን የጮኸችው ልትፈነዳ የደረሰችው ፊኛዬ ናት!»

እንደ ሙያዬ ነገሩን ማጣራት ነበረብኝ። ሌሎቹን ሴቶች ዞሬ አየሁ፤ ሁሉም እየሳቁ ነበር። ከልባቸው ለመሳለም የሚወርዱ አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ፤ መጨረሻው ወንበር ላይ የሚቀመጡ አንድ መሪጌታ ናቸው። የጥቅምቱ ቅዳሜ መኪናው ሳይቆም ሲያልፍ ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቅኋቸው።

«እንዴት አልቆመም? እኔ ተሳልሜያለሁ እኮ!» አሉኝ።

ከጎናቸው ተቀምጦ የነበረው ሰው እንደነገረኝ፣ ያን ቀን መኪናው ከመናኸሪያ ሳይወጣ እንቅልፍ ወስዷቸው፣ የነቁት አምባ ጊዮርጊስ ነው።