ጋሼ ትልቅ ይሁን

ማተሚያ ቤት ባለበት ሰፈር ሁሉ አንድ ጋሼ ትልቅ ይሁን አይጠፋም። ከጠፋም ወይ ማተሚያ ቤቱ ገና አልተከፈተም፣ ወይ ሰውዬው መንገድ ላይ ናቸው።

ገና ሲገቡ ታውቋቸዋላችሁ። በእጃቸው ስልክ አለ፤ በስልኩ ውስጥ የጥፍር ያህል ፎቶ አለች፤ በልባቸው ውስጥ ደግሞ ግድግዳ የሚያህል ሕልም አለ። በፎቶዋና በሕልሙ መካከል ያለውን ክፍተት ማን ይሙላው ብትሏቸው ጣታቸውን ወደ ማሽኑ ይቀስራሉ። «ይሄ ሁሉ ማሽን ተገትሮ የለም እንዴ? ሳበው፣ ይሳባል። ብቻ ትልቅ ይሁን!»

የእኔው ጋሼ፣ ክቡር ሊቀ አጉሊዎች፣ የባዶ ግድግዳዎች ሁሉ ተቆርቋሪ፣ ጡረታ የወጡ ትራፊክ ፖሊስ ናቸው። ቡናማ ባርኔጣቸውን ክረምት ከበጋ አያወልቁም። እሳቸው ጡረታ ቢወጡም እጃቸው ገና ሥራ ላይ ነው። ንግግሬ ካልጣማቸው መዳፋቸውን ከፍ አድርገው ያስቆሙኛል፤ ደስ ሲላቸው በሌላኛው እጅ እንዳልፍ ይፈቅዱልኛል። በገዛ ሱቄ፣ በገዛ ማሽኔ አጠገብ መንገድ ተዘግቶብኝ ተገትሬ የቀረሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

የተዋወቅነው በድሮ አለቃቸው ምክንያት ነው። ባልደረቦቻቸው በሙሉ ከተሰለፉበት የቡድን ፎቶ ላይ፣ ጥግ የቆሙትን አለቃ ለይቼ በር የሚያህል እንዳደርግላቸው ፈለጉ። የአለቃው ፊት በፎቶው ላይ የምስር ፍሬ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ሲጎላ ሰው አይመስልም» አልኳቸው።

«እሳቸውም ድሮ ሰው አይመስሉም ነበር። ትልቅ ይሁን!»

አተምኩት። ጺምና አፍ ተቀላቀሉ፣ ዓይን የት እንደገባ ጠፋ። እኔ በሀፍረት ወረቀቱን ልጠቀልል ስል ጋሼ ወደ በሩ ሸሹና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩት። «ቁርጥ እሳቸውን!» ብለው እየሳቁ ይዘውት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሽንጤን ገትሬ ላስተምራቸው ሞከርኩ። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ሥዕል የነጥብ ስብስብ ነው፤ ወረቀት ላይ ጥርት ብሎ እንዲወጣ በእያንዳንዱ ኢንች ሦስት መቶ ነጥብ ቢኖረው ይመረጣል፤ ነጥቡ ሳይጨምር ወረቀቱ ብቻ ከሰፋ እያንዳንዱ ነጥብ ይወፍርና ሥዕሉ ይበላሻል አልኳቸው። ባርኔጣቸውን ነቅነቅ እያደረጉ በጥሞና ሰሙኝ። በማግስቱ እየተጣደፉ መጡ።

«ሦስት መቶ አላልክም? ይኸው ሦስት መቶ!»

የእህታቸው ልጅ ኮምፒውተር ላይ ገብተው፣ በኢንች ሰባ ሁለት ነጥብ የሚለውን ቁጥር አጥፍተው ሦስት መቶ ብለው ጽፈውበት ነው። ሥዕሉ ያው ሥዕል፣ ነጥቡም ያው ነጥብ ነው።

«ጋሼ፣ ግማሽ ሊትር ወተት ላይ ‹ሦስት ሊትር› ብለው ቢጽፉበት ወተቱ ይጨምራል?»

«ወተት ኮምፒውተር ነው?» አሉና መዳፋቸው ተነሳ። እዚያው ቆምኩ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ዋናው ፎቶ ይላክልኝ ብዬ ብለምናቸው፣ ፎቶው ያለበትን ስልክ በሌላ ስልክ ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። ጥግ ላይ የገዛ አውራ ጣታቸው ገብቷል። ከዚያ ሁሉ ፎቶ ጥርት ብሎ የታተመው አውራ ጣቱ ብቻ ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት ግን ሲገቡ እጃቸው አልተነሳም። ወንበር ስበው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የባለቤቴ ሥዕል ነው» አሉኝ።

ባለቤታቸውን ሰፈሩ ሁሉ በጥልፍ ሥራቸው ያውቃቸዋል። ዓይናቸው ደክሞ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታቸው፣ ልጃቸው ታብሌት ገዝታላቸው በጣታቸው መሳል ጀመሩ። የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ አንድ ግድግዳ ለነዋሪዎች ሥዕል ፈቅዷል። እትዬ በስንት ልመና እሺ ብለዋል።

«አንድ ጊዜ ይሰቀል፣ ሰው ፊት ካሳፈረኝ ግን ታብሌቱን ለልጅቷ እመልሳለሁ፣ ሁለተኛም አልነካው ብላለች። እሷ ደግሞ ካለች አለች ነው» አሉ ጋሼ። «ልጄ፣ ጥልፉን የተወች ጊዜ ቤቱ ምን እንደመሰለ የማውቀው እኔ ነኝ። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ እጇን ታያለች። ይሄንንም ከተወች...» እጃቸው አንድ ነገር ሊያስቆም ፈልጎ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ጋሼ እንደነገሩኝ፣ እትዬ ይሠሩበት ከነበረው የጥልፍ ቤት መስኮት የሚታየው የአውቶቡስ ፌርማታ ነው፤ ዝናብ ይዘንባል፣ ጃንጥላዎች ተደርድረዋል፣ እርጥቡ አስፋልት ላይ የመብራት ቀለም ፈስሷል። በአካል የማላውቀውን ሰው ሥራ እንዲያ ፈዝዤ አይቼ አላውቅም። ከዚያ መጠኑን አየሁት። ወርዱ ዘጠኝ መቶ ነጥብ ብቻ! በሦስት መቶው ሕግ ካተምኩት ከመዳፌ አይሰፋም። የቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ የተዘጋጀው ለሁለት ሜትር ነው።

ዋናው ፋይል ታብሌቱ ላይ ትልቅ ሆኖ ይገኝ ይሆናል ብዬ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ከፈትኩት፤ ያው ዘጠኝ መቶ ነው።

«እትዬ፣ ሲጀምሩ የገጹን መጠን አልጠየቀዎትም?»

«ጠየቀኝ እንጂ! ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ አለኝ። ትንሹን አልኩት።»

«ምነው?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስቆጥብ ኖሬ ዛሬ ተነስቼ ላባክን?»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ጨርቅ አይደለም፤ ትልቁም ትንሹም በነፃ ነው።»

«በነፃ ስለሆነ ነው የሚባክነው? ደግሞ ቆመህ ቀረህ፣ ተቀመጥ እንጂ ልጄ።»

እንደ ሥዕሉ ያለች ትንሽ ሥራ በሰፊ ነጭ ወረቀት መሃል ብትቀመጥም ታምራለች ብዬ መናገር ስጀምር ጋሼ በረንዳ ላይ አወጡኝ። መዳፋቸው ተነሳ። «አዳራሹ ረጅም ነው። ሰው ከበሩ ሲገባ የእሷን ሥራ ማየት አለበት። ትልቅ ይሁን!»

ልከራከር አፌን ስከፍት አለቃው ትዝ አሉኝ። ጋሼ ከበሩ ሆነው ነበር «ቁርጥ እሳቸውን» ያሉት። ለነገሩ ሥራዬ ነውና አውቀዋለሁ፤ መንገድ ዳር የሚሰቀል ማስታወቂያ በሦስት መቶ አይታተምም፤ ሰው ከሩቅ ስለሚያየው ዓይኑ ነጥቡን አያይዞ ይጨርሰዋል። ሥዕሉ ከበሩ ሲታይ ያምራል፤ ጉዱ ሲቀርቡት ነው። እንደ ጉም ደብዝዞ እንዲለሰልስ ከማደርገው፣ እያንዳንዱ ነጥብ ትንሽ ካሬ ሆኖ ጥርት ብሎ ይታይ ብዬ ወሰንኩ። ከመታተሙ በፊት ፌርማታው አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ያለች አንዲት ቡናማ ጠብታ ቆሻሻ መስላኝ ላጠፋት ነበር። የሰው ሥዕል አልነካም ብዬ ተውኳት።

የመክፈቻው ቀን ሥዕሉ ተሰቅሏል፤ እትዬ ገና አላዩትም። ጋሼ ጀርባቸውን ለሥዕሉ ሰጥተው ፊት ለፊቱ ቆመዋል፣ ሁለት እጃቸው ሥራ ላይ ነው።

«ወደ ኋላ! ወደ ኋላ! እመቤት፣ ባለ ቀዩ ቦርሳ፣ ከዚህ አይለፉ! ከሩቅ ነው የሚያምረው!»

እውነታቸውን ነው፤ ከሩቅ ያምራል። ዝናቡ ይወርዳል፣ አስፋልቱ ያበራል። የገባው ሁሉ በሩ ላይ ቀጥ ይላል።

እትዬ ገቡ። አዩትና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ወደ ሥዕሉ መራመድ ጀመሩ። ጋሼ መዳፋቸውን አነሱ። ያ መዳፍ የጭነት መኪና ያስቆመ መዳፍ ነው፤ እትዬ ግን «ዞር በል እስቲ» ብለዋቸው አለፉ።

መነጽራቸውን አድርገው አፍንጫቸው ወረቀቱን እስኪነካ ቀረቡ። ቀልቤ ተገፈፈ። ጋሼ ፊታቸውን ሊያዞሩ አልደፈሩም፤ ወደ እኔ እያዩ በዓይናቸው ‹ምን አለች?› ይሉኛል። እትዬ ጣታቸውን በካሬዎቹ ላይ ቀስ አድርገው አስኬዱ።

«ጥልፍ ነው እኮ!» አሉ። «አንድ ባንድ እየቆጠርኩ የምጠልፈው ጥልፍ! አየህ ልጄ፣ ይቺ አንድ ስፌት፣ ይቺ አንድ ስፌት... ዓይኔ ደክሞ ጠፋብኝ ያልኩት እጄ እኮ ነው!» እያለቀሱ ይስቃሉ።

ከኋላ ቆማ ታይ የነበረችው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ክልከላው የላላ መስሏት ጠጋ አለችና ዛፉ ሥር ወዳለችው ቡናማ ጠብታ አመለከተች። አሁን ጣት የምታህል ሰው ሆናለች፣ ባርኔጣ አድርጋለች።

«ይሄኛውስ ማነው እናቴ?»

«እሱማ ከሥራው ወጥቶ ሊወስደኝ ፌርማታው ላይ ቀድሞኝ የሚደርሰው ነዋ! ቢዘንብም እዚያው ነው። ከመርፌዬ ቀና ባልኩ ቁጥር ያቺን ባርኔጣ አያለሁ። ስልኩ ላይ በጣም ስላነሰ ለራሱም አልነገርኩት።»

ጋሼ ዞሩ። ቀኑን ሙሉ ጀርባ የሰጡትን ሥዕል አዩት። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ራሳቸው መላጣ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ ሕዝቡን በሙሉ በዚያ በሌላኛው፣ በሚያሳልፈው እጃቸው ጠሩት።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ቅረቡ እንጂ! ቅረቡ!»

እትዬ አሁንም ይስላሉ፤ ትንሹን ገጽ መምረጥም አልተዉም። እኔም ሦስት መቶ ማለቴን አልተውኩም፤ የሚሰማኝ የለም እንጂ።

ትናንት ጋሼ ስልካቸውን ይዘው መጡ። እትዬ ከሥዕላቸው ጎን ቆመው ሲስቁ፣ ከአዳራሹ በር ላይ ሆነው ያነሷቸው ፎቶ ነው። እትዬ የጥፍር ያህል ናቸው። ጥግ ላይ ያው የተለመደው አውራ ጣት ገብቷል።

«ለመኝታ ቤት ነው። ግድግዳው ሰፊ ነው፣ ታውቀዋለህ።»

ስለ ነጥብ ለመናገር አፌን ከፈትኩ። መዳፋቸው እስኪነሳ እንኳ አልጠበቅኩም፤ ሜትሬን አወጣሁ። በር የሚያህል አድርጌ አተምኩላቸው፣ አውራ ጣቱንም አልቆረጥኩትም።