ጠዋት ቢጫ፣ ከሰዓት ሰማያዊ

[ኮምቦልቻ፣ በደርግ ዘመን፣ የቤት ቧንቧ ሁሉ የደረቀበት በጋ። ቀለሙ በፋብሪካው የጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል ይሠራል። ሙሄዲን የግቢ ጎረቤቱ ነው፤ ከኮምቦልቻ ቀረብ ያለችው የሐርቡ ከተማ ልጅ። ጠረጴዛው ላይ ወርቃማ ዓሦች የሚዋኙበት የመስታወት ሣጥን አለ። ሁለቱም ከሣጥኑ ውሃ በተቀዳባት፣ ጣት በምታህል የመስታወት ቱቦ ላይ አፍጥጠዋል።]

ቀለሙ፦ ሰማያዊ ነው።

ሙሄዲን፦ እኔም ሰማያዊ ነው አልኩ እኮ።

ቀለሙ፦ አንተ ያልከው እንዲሁ አይተህ ነው። እኔ ያልኩት አጥንቼ ነው።

ሙሄዲን፦ ሁለታችንም ሰማያዊ ካልን ታዲያ ጠቡ ምንድን ነው?

ቀለሙ፦ ጠቡ ከውሃው ጋር ነው። የመመርመሪያዋን ጠብታ ስንጨምርበት ቢጫ ከሆነ ውሃው ኮምጥጧል ማለት ነው፣ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ የዚያ ተቃራኒ፣ አረንጓዴ ከሆነ ልክ ነው። ጠዋት ቢጫ ነበር። ማንም ሳይነካው ከሰዓት እንዴት ሰማያዊ ይሆናል?

ሙሄዲን፦ ዓሦቹ ግን ደህና ናቸው። እየው፣ ይሄኛውማ ጭራሽ ወፍሯል።

ቀለሙ፦ ዓሣ ስለ ውሃ ምን ያውቃል?

ሙሄዲን፦ እሱስ እውነትህን ነው። [ትንሽ ያስባል] ውስጡ ስለሚኖር ብዬ ነው እንጂ።

ቀለሙ፦ ስማ፤ የፋብሪካችን ጀርመን መሐንዲስ ለዕረፍት ሲሄድ ዓሦቹን አደራ ሰጥቶኝ ምን አለ? «ስመለስ መጀመሪያ የምመረምረው ውሃውን ነው። ልክ ሆኖ ካገኘሁት አገሬ ሄደህ እንድትማር ስምህን አስተላልፋለሁ» አለ። ዛሬ ይገባል። ሐርቡ ደርሷል ተብሎ ለፋብሪካው ተደውሏል።

ሙሄዲን፦ ሐርቡ ከደረሰማ አብሽር፣ ጊዜ አለህ። የሐርቡ ሰው እንግዳን ሳያበላ አይለቅም።

ቀለሙ፦ [ቱቦውን ወደ መስኮቱ ያስጠጋል] ምናልባት ብርሃኑ ይሆናል። ወይም ትናንት የጮኸው የቀበሌው ድምፅ ማጉያ። ዓሣ ሲደነግጥ ውሃ ያበላሻል።

ሙሄዲን፦ እኔም ደንግጫለሁ። ጓሮውን ያላለማ ይነጠቃል አለ። ወረድ ብሎ ደግሞ በቧንቧ ውሃ አትክልት ያጠጣ ይቀጣል አለ።

ቀለሙ፦ በምን ያጠጡ ታዲያ?

ሙሄዲን፦ እሱ ጋ ሲደርስ መብራት ጠፋ።

ቀለሙ፦ ጓሮህን ተወውና ወደ ሳይንሱ እንመለስ። [ቱቦውን ያሸታል] ይሄ ነገር ምን ምን ይሸታል? በምን አጠብከው?

ሙሄዲን፦ በአመድ።

ቀለሙ፦ በአመድ?

ሙሄዲን፦ ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው? እናቴ ብርጭቆ የምታጥበው በአመድ ነው፤ እንደ ጨረቃ ነው የሚያበራው። ከዚያ በወይራ አጠንኩት።

ቀለሙ፦ የምርመራ ቱቦ አጠንክ?

ሙሄዲን፦ ዕቃ ሳይታጠን ለእንግዳ ይቀርባል እንዴ? ጀርመኑ ቢያሸተው ምን ይለናል?

ቀለሙ፦ [በደስታ ይነሣል] ተገኘ። ሰማያዊ ያደረገው አመዱ ነው። አየህ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ዓሣውን ይጠረጥር ነበር። እኔ ግን ዕቃውን ጠረጠርኩ። መማር ማለት ይሄ ነው።

ሙሄዲን፦ ማሻአላህ።

ቀለሙ፦ [ቱቦውን ራሱ ደጋግሞ ያለቀልቃል] በል እንካ። የሥራ ክፍፍላችን እንደተጠበቀ ነው። አንተ ትቀዳለህ፣ ትንጣለህ፤ ቀለሙን የማነበው እኔ ነኝ።

[ሙሄዲን ከሣጥኑ ውሃ ቀድቶ ጠብታዋን ይጨምራል፤ የቱቦውን አፍ በአውራ ጣቱ ደፍኖ ይንጣል።]

ቀለሙ፦ አሁን አረንጓዴ ነው የሚሆነው። [ያያል፤ ፊቱ ይጠቁራል] ቢጫ።

ሙሄዲን፦ አጥንተህ ነው ወይስ እንዲሁ አይተህ?

ቀለሙ፦ አሻጥር አለበት። ከዚህ ወዲያ ሌላ ሊሆን አይችልም።

ሙሄዲን፦ ማን ያሻጥራል? እዚህ ቤት ከአንተና ከእኔ በቀር ሰው አይገባም።

ቀለሙ፦ ነገሩን ያከበደው እሱ ነው። እኔ አላደረግኩትም፤ አንተ ደግሞ ይህን ለማሰብ አትበቃም።

ሙሄዲን፦ አልሐምዱሊላህ፣ ነፃ ወጣሁ።

ቀለሙ፦ ውሃው ይቀየር። ግማሹ ይደፋ።

[ሙሄዲን ከበሩ ኋላ ባልዲ ያወጣል።]

ቀለሙ፦ ባልዲው እዚህ ምን ይሠራል?

ሙሄዲን፦ ቢጫ ሲሆን ታስቀይራለህ፣ ሰማያዊ ሲሆን ታስቀይራለህ። ቢቀርብ ይሻላል ብዬ ነው።

ቀለሙ፦ ጎበዝ፣ እየሠለጠንክ ነው። አሮጌውን አንተ ድፋ። አዲሱን ከቦኖ የማመጣው ግን እኔ ነኝ። ውሃ መምረጥ ላንተ አይሰጥም።

ሙሄዲን፦ እኔ ብቀዳው ያው ውሃ ነው የሚሆንብኝ።

[ቀለሙ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ይወጣል። ሙሄዲን ባልዲውን ይሞላና ወደ ጓሮ ይዞት ይሄዳል፤ ሲመለስ ባዶ ነው። ቆይቶ ቀለሙ የሞላ ጀሪካን በትከሻው ተሸክሞ፣ ወገቡን ይዞ፣ እያለከለከ ይገባል።]

ቀለሙ፦ ወገቤ አለቀ። በዚህ ወር የተሸከምኩትን ውሃ አህያም አልተሸከመች።

ሙሄዲን፦ [እጁን እየታጠበ] ለዕውቀት ሲባል ምን ይደረግ።

ቀለሙ፦ ሳሙና ከየት አመጣህ?

ሙሄዲን፦ ለዒድ ያስቀመጥኳት ናት። [ቀለሙ ውሃውን ሣጥኑ ውስጥ ይገለብጣል። ሙሄዲን ቀድቶ፣ ጠብታዋን ጨምሮ፣ ንጦ ይሰጠዋል።] አንብብ።

ቀለሙ፦ [ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ ብሎ ይገልጣል] አረንጓዴ። ሙሄዲን፣ አረንጓዴ ነው። ልሄድ ነው፣ ወንድሜ፣ ልማር ነው። አየህ ውሃ የመምረጥን ጥቅም?

ሙሄዲን፦ ዛሬማ አረንጓዴ መሆኑ አይቀርም። ጎመኑ ጠጥቶ ጠግቧል።

ቀለሙ፦ የምን ጎመን?

ሙሄዲን፦ የጓሮዬ።

ቀለሙ፦ ጎመንና ዓሣ ምን አገናኛቸው?

ሙሄዲን፦ አንተ።

ቀለሙ፦ [ይቀመጣል] እስቲ ቀስ ብለህ ንገረኝ።

ሙሄዲን፦ ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ፣ አንተም ቀስ ብለህ ስማ። ጓሮውን ካላለማሁ ይነጥቁኛል። የቧንቧ ውሃ ካጠጣሁ ይቀጡኛል። የዓሣ እጣቢ መድፋትን ግን ማንም አልከለከለም፤ የአብዮት ጥበቃው ራሱ ባልዲውን አሽትቶ አፍንጫውን ይዞ አሳልፎኛል። እንግዲህ ውሃው እንዲደፋ መበላሸት ነበረበት። አንድ ጊዜ ቱቦውን በአመድ አሻለሁ፣ አንድ ጊዜ ሎሚ ጨምቄ በዚያው ጣቴ እደፍናለሁ። የሣጥኑ ውሃማ ምንም ሆኖ አያውቅም። ዓሦቹን እይ ብዬህ ነበር።

ቀለሙ፦ አመዱን ግን እኔ ነኝ ያገኘሁት።

ሙሄዲን፦ እንድታገኘው ነው ወይራውን የጨመርኩበት። ሰው አንድ ካገኘ ሁለተኛውን አይፈልግም።

ቀለሙ፦ አንተ ሰው፣ በአምላክ፣ ውሃ ቅዳልኝ ብትለኝ ምን ነበረበት?

ሙሄዲን፦ የፋብሪካ ሰው ለጎመን ብሎ ጀሪካን ይሸከማል? ለሳይንስ ነው እንጂ። ደግሞ በነጻ አላሸከምኩህም፤ ከጎመኑ በልተሃል። «ይሄን ጎመን የተማረ ሰው ነው የተከለው» ብለህ ያመሰገንከው ረሳኸው?

[ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ቀለሙ ብድግ ይላል፤ ኮሌታውን ያስተካክላል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።]

ቀለሙ፦ ሙሄዲን፣ ወንድሜ፣ በማርያም ይዤሃለሁ፤ ይህቺን ነገር ለመሐንዲሱ እንዳትነግር። ለማንም እንዳትነግር።

ሙሄዲን፦ አብሽር። ለማን ብዬ እነግራለሁ፣ ቲማቲሙን የተከልኩት ገና ትናንት ነው። ጀሪካኑን ብቻ አታርቀው።