መሬቱን የሚያማክረው አርክቴክት

ቤት ልትሠሩ ካሰባችሁ ከሁለት ነገር ራሳችሁን ጠብቁ፤ ከምስጥና ከአርክቴክት ዘመድ። ምስጡ እንኳ ቤቱ እስኪሠራ ይታገሳል።

የኔው አርክቴክት የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። ይቅርታ፣ ናቸው። እንደሳቸው ያለ ሊቅ በአንቱታ እንጂ በአንተ አይጠራም። «ቤትና ተፈጥሮ መታረቅ አለባቸው» ይላሉ፤ መቼ እንደተጣሉ ግን ነግረውን አያውቁም።

እኔ የፈለግሁት ቀላል ነገር ነበር። እናቴ ወድቃ ዳሌዋን ከሰበረች ወዲህ በተከራየነው ቤት ጓዳ ተኝታለች፤ በመስኮቷ የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ብቻ ነው። ወሬ የማያልቅባት፣ ቁጣዋ ሰፈር የሚያዳርስ እናቴ ቀስ በቀስ ዝም አለች። ያ ዝምታ ያስፈራኛል። ክረምት ሳይገባ ከዚያ ላወጣት ነበር ጥድፊያዬ። አራት ግድግዳ፣ አንድ ጣራ፣ በቃ።

ክቡርነታቸው ግን የመቀመጫ ዱካ ይዘው ተዳፋት ላይ ባለችው ቦታችን ሦስት ሳምንት ተቀመጡ። ጠዋት ፀሐይ ያያሉ፣ ከሰዓት ነፋስ ያሸታሉ። ስደውል መልሳቸው ያው ነው፤ «መሬቱ የሚለውን እየሰማሁ ነው።»

«መሬቱ ይቆይና እህትህ የምትለውን ብትሰማ» አልኳቸው።

በስንት መከራ ፕላኑ መጣ። ቦታው ላይ ያለው የሾላ ዛፍ አይቆረጥም፤ ሳሎኑ ነው ዞሮ የሚያልፈው። ኮሪደሩ መሃል አንድ ቋጥኝ ቁጭ ብሏል፤ «ቀድሞን የመጣ እሱ ነው» አሉ። ግንበኛው ፕላኑን አዙሮም ዘቅዝቆም አየና «ቀጥ ያለ ግድግዳ ካለው ንገሩኝ፣ ከሱ እጀምራለሁ» አለ።

ይህም ይሁን። የእናቴ ክፍል መስኮት ግን ከወለሉ ሁለት ስንዝር ላይ ነው የሚጀምረው። «መስኮት ነው የዶሮ መግቢያ?» አለ ግንበኛው። ወዲያው ተስማማን። ክቡርነታቸው በሌሉበት ቀን መስኮቱን እንደ ወጉ በደረቴ ልክ አስገነባሁት።

ተመልሰው ሲያዩ ስብከት ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ብሎኬት ደርድረው በአልጋ ቁመት ጣውላ አጋደሙበት።

«ጋሼ፣ ና እስኪ ተኛ።»

ተኛሁ። ከዚያ ላይ መስኮቴ የሚያሳየው ባዶ ሰማይ ብቻ ነበር።

«እማማ የሚያዩት ከዚህ ሆነው ነው» አለ ልጁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ለቆመ ሰው አይደለም የሳልኩት።»

አፈርኩ። ለገዛ እናቴ ያላሰብኩላትን ይሄ ዱካ ተሸካሚ አስቦላታል። በማግስቱ ግድግዳውን ስናፈርስ ግንበኛው እንኳ አልቀለደም።

እናቴን በቃሬዛ ስናስገባት ክረምቱ ገብቶ ነበር። አልጋዋ ላይ አጋደምናት። ሣሩ፣ ተዳፋቱ፣ በታች የሚንዶለዶለው ጎርፍ ሁሉ ትራሷ ፊት ተዘርግቷል። ብዙ ደቂቃ ዝም ብላ አየች። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ።

«ያ ዝናብ ላይ የቆመው ማነው?»

«ቤቱን የሠራልን ልጅ ነው፣ እማዬ። ውሃው ወዴት እንደሚወርድ እያየ ነው።»

«ታዲያ አንተ ምን ትገተራለህ?» ድምፅዋ ቤቱን ሞላው። «ሰው እንደዚህ ሲበሰብስ ቆሞ ማየት ከማን ተማርክ? ጥራው እንጂ። ደግሞ ፎጣ ስጠው። ይሄ ጫማህስ ምንድነው፣ በአዲስ ወለል ላይ?»

ሮጬ ወጣሁና ክቡርነታቸውን አቅፌ አስገባኋቸው። እናቴ እስኪመሽ ስትቆጣኝ ዋለች፤ እኔም እንዳታቆም ብዬ ጫማዬን ሳላወልቅ ዋልኩ።