ስሜት ይጨምሩበት

የታሪክ አምላክ አምቦን አልረሳትም። ዘመናቸውን ሁሉ ለቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ሲሠሩ የኖሩት አቶ ሀብተሥላሴ፣ በ2011 ዓ.ም. ካሜራቸውን ሰቅለው ብዕር ጨበጡና ጀርባው ላይ «ዕውቁ የጦር ታሪክ ተመራማሪ» የሚል የታተመበት ወፍራም መጽሐፍ አበረከቱልን። ዕውቅናውን የሰጡት ራሳቸው ናቸው። ሌላው እስኪሰጥ ማን ይጠብቃል!

መጽሐፉ «የድልድዩ ሦስት ጦርነቶች» ይባላል። ምንጩ ከአምቦ ወዲያ ያለችው የጌዶ ከተማ ነዋሪ ኦቦ ነገራ ናቸው፤ በሶማሌ ጦርነት ጊዜ በሚሊሻነት ዘምተው አንድ ድልድይ የተሻገሩ ሽማግሌ። አቶ ሀብተሥላሴ ድሮ ለፊልም ሲቀርጿቸው ገና እንደጀመሩ ውሻ ጮኸ።

«ኦቦ፣ ይድገሙልኝ። በዚያውም ትንሽ ስሜት ይጨምሩበት።»

ጨመሩበት። ሁለተኛው ላይ ደመና መጣ። «ይድገሙልኝ፤ አሁንም ስሜት!» ኦቦ ነገራ እንግዳ ማሳፈር አይወዱምና እንደገና ጨመሩበት። ከዓመታት በኋላ አቶ ሀብተሥላሴ ቅጂዎቹን ደርድረው ቢሰሙ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ሌላው ሰው ቢሆን ግራ በተጋባ ነበር። እሳቸው ግን ጥልቅ ምርምር አካሂደው የተለያዩ ጦርነቶች መሆናቸውን ደረሱበት። ጥይት ያልተተኮሰበት የመጀመሪያውም «ሥነ ልቦናዊ ጦርነት» ተባለ።

የምረቃው ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። የክብር እንግዳው «መጽሐፉ የነበሩ ክፍተቶችን የሞላ፣ ቀጣይ አቅጣጫ ያስቀመጠ ነው» አሉ፤ ያላነበቡትን ማሞገስ ይችሉበታል። አቶ ሀብተሥላሴ ደረታቸውን ነፉ። ከዛሬ ወዲያ ከተማው «የቲቪው ሰውዬ» ማለቱን ይተዋል። ይኸው ነበር የዕድሜ ልክ ምኞታቸው።

የታሪክ መምህርቷ ማኅሌት እጇን አውጥታ ከፊት ወደተቀመጡት ወደ ኦቦ ነገራ ዞረች።

«ኦቦ ነገራ፣ ከሦስቱ ጦርነቶች የትኛው ይከፋ ነበር?»

«ማል? የምን ሦስት?»

«ድልድዩ ላይ የተዋጋችኋቸው።»

«እኔ ያንን ድልድይ የተሻገርኩት አንዴ ነው ልጄ። ማንም አልነበረም። አንዲት ፍየል ቆማ ነበር።»

«ምዕራፍ ሁለት ላይ ያለው የተኩስ እሩምታስ?»

«ውሻ ጮኸና ድገም አለኛ!»

«የምዕራፍ ሦስቱ ጨበጣ ውጊያስ?»

«እሱ የደመናው ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የክብር እንግዳው ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። አቶ ሀብተሥላሴ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ፤ አለቀላቸው፣ እስከ መቃብር የቲቪው ሰውዬ ሊሆኑ ነው!

ይኼኔ ምረቃውን ለቴሌቪዥን የሚቀርጸው ሮብሳን ከካሜራው ጀርባ ጮኸ።

«ይቅርታ! ሳቁ ድምፁን ዋጠብኝ። ኦቦ፣ መልሱን ይድገሙልኝ።»

ኦቦ ነገራ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ አቶ ሀብተሥላሴ ዞሩ።

«በስሜት ነው ያለ ስሜት?»

«በስሜት!» አሉ ተመራማሪው ከመቀመጫቸው ዘለው ተነሥተው።

ሁለተኛው እትም ገበያ ላይ ውሏል። ጦርነቶቹ አራት ደርሰዋል፤ ፍየሏም የጠላት ሰላይ እንደነበረች በምርምር ተረጋግጧል።