ያልተቆፈረው የጋሽ አለኸኝ ድንች

አፍሪካ አንድ ገበያ ልትሆን ነው ሲባል ከሁሉ ቀድሞ የሚያምን ሰው እናንተ ሰፈር የለም? እኛ እንጅባራ ላይ ጋሽ አለኸኝ አሉልን፤ ድንች ወደ ሱዳን ይጭኑ የነበሩ ነጋዴ። ወሬውን በሬዲዮ ከሰሙ ወዲህ ሰላምታቸው ሁሉ አረብኛ ሆነ። የእርሻቸውንም ድንች አላስቆፍር አሉ። ገዢ እስኪመጣ ድንች አፈር ውስጥ ማቆየት መቼም ልማዳችን ነው፤ ግን ክረምቱ ገብቶ ድንቹ ሲበሰብስ ዝም ይባላል እንዴ?

«ጋሽ አለኸኝ፣ ለባሕር ዳር ነጋዴ ይሽጡት እንጂ!» አልኳቸው።

ስልካቸውን አውጥተው ካርቱም ለሚኖረው የዱሮ ደንበኛቸው፣ ለዑስማን ደወሉ። የሱዳን ጦርነት ከጀመረ ወዲህ ያን ስልክ ያነሳው የለም። ያን ቀንም አልተነሳ።

«ለሌላ ሰው ከሸጥኩትማ» አሉኝ፣ «ዑስማን ሞቷል ብዬ አመንኩ ማለት አይደል?»